የተከፈተ ዕውቀት፣ የተጠበቀ ምስጢር፦ የዩኒቨርሲቲ ምርምርና የመረጃ ደህንነት በጣና ዙሪያ

መግቢያ

ዩኒቨርሲቲ ዕውቀት የሚከፋፈልበት ቤት ነው። መምህሩ ያወቀውን ያስተምራል፤ ተመራማሪው ያገኘውን ያሳትማል፤ ተማሪውም ያነበበውን ይዞ ወደ ሕዝብ ይወጣል። ሆስፒታል ደግሞ ምስጢር የሚጠበቅበት ቤት ነው። ሕመምተኛው ለትዳር ጓደኛው እንኳ ያልነገረውን ለሐኪሙ የሚነግረው ቃሉ ከምርመራ ክፍሉ እንደማይወጣ አምኖ ነው። እነዚህ ሁለት ቤቶች በአንድ አጥር ውስጥ ሲገናኙ፣ ማለትም የሕክምና ትምህርት ቤትና የማስተማሪያ ሆስፒታል ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ምን ይከፈት፣ ምንስ ይዘጋ የሚለው ጥያቄ በየዕለቱ መነሳቱ የማይቀር ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል። በ1963 የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ተቋምና በ1972 የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተዋሕደው በ2000 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እንዲሁም ጥበበ ግዮን የተባለ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። በከተማው ከሚገኘው ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ጋር ሆኖም ከጣና ሐይቅ ዙሪያና ከዚያም ርቀው ከሚገኙ ወረዳዎች የሚመጡ ሕሙማንን ያስተናግዳል። የእነዚህ ሕሙማን ካርድ የሕክምና መሣሪያ እንደሆነ ሁሉ የምርምር ምንጭም ነው። ካርዱ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተሸጋገረ መጠንም ጥቅሙም አደጋውም አብሮ ያድጋል።

ይህ ጽሑፍ ሐኪሞች፣ የጤና ሳይንስ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር መረጃን ሲያካፍሉ ሊያመዛዝኗቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል። ዋናው ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ምርምርን ጠቃሚ የሚያደርገውና ሕመምተኛውን የሚያጋልጠው አንድ ዓይነት ዝርዝር መረጃ ነው። ስለዚህ ሁሉን መክፈትም ሁሉን መቆለፍም መፍትሔ አይሆንም። የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት ተገቢውን በርና ተጠያቂ በረኛ መመደብ ነው።

ዕውቀትን መካፈል ሕይወት ያድናል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከጣና በስተምሥራቅ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ያልፋል። ካላዛር የተባለው በሽታ በሀገራችን ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በመተማና በሁመራ ቆላማ የእርሻ ቦታዎች ነበር። ሆኖም በሜይ 2005 ደጋማ በሆነው በሊቦ ከምከም በወረርሽኝ መልክ መከሰቱ ታወቀ። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ ክሳትና የደም ማነስ ያስከትላል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ትኩሳቱ ከወባና ከታይፎይድ ጋር በቀላሉ ስለሚምታታ፣ በሽታው ይኖራል ተብሎ ባልታሰበበት ቦታ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊጠረጥረው ይከብደዋል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአካባቢው ባቋቋመው የሕክምና ጣቢያ ከሜይ 25 ቀን 2005 እስከ ዲሴምበር 13 ቀን 2007 የታከሙ ሕሙማን መዝገብ ተተንትኖ በ2009 በአንድ ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከትንተናው እንደታየው የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ሲሆን፣ 77.6 በመቶ የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። ከታከሙት ውስጥ የሞቱት 3.6 በመቶ ነበሩ። ይሁን እንጂ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሕሙማን ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ኤች.አይ.ቪ.፣ የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሰውነት ማበጥ፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረትና ማስታወክም አደጋውን የሚጨምሩ ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው አካባቢ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ሌሊት ከቤት ውጭ በግራር ዛፍ ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳይቷል።

ይህ ዕውቀት በአንድ የሕክምና ጣቢያ መዝገብ ውስጥ ታሽጎ ቢቀር ኖሮ የሚጠቀምበት የዚያ ጣቢያ ሠራተኛ ብቻ በሆነ ነበር። በመታተሙ ግን በሌላ ሆስፒታል የሚገኝ ተረኛ ሐኪም ከተኙት ሕሙማን መካከል ቅድሚያ ክትትል የሚያሻውን ለይቶ እንዲያውቅ ረድቶታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ለገበሬው ስለ ግራሩ ሥር የምትነግረው ነገር አግኝታለች።

በዓለም ደረጃም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። የኮቪድ 19 ቫይረስ የዘር ቅንብር በጃንዋሪ 2020 ለማንም ክፍት ሆኖ ሲለቀቅ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ላቦራቶሪዎች ቫይረሱን በእጃቸው ሳይዙ የመመርመሪያ ዘዴ ለማዘጋጀት ችለዋል። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ ማርች 13 ቀን 2020 ሲገኝ የመመርመር አቅም በሀገር ውስጥ ቀድሞ ተፈጥሮ ነበር።

ክፍትነት ለኢትዮጵያ ሐኪም የልግስና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ራሱም ተጠቃሚ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በመሆን በጃንዋሪ 2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለው መርሐ ግብር፣ ለመጽሔት ደንበኝነት መክፈል ለማይችሉ አገሮች ተቋማት በሺህ የሚቆጠሩ የሕክምና መጽሔቶችን አቅርቧል። ኢትዮጵያም በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። በሀገር ውስጥ ደግሞ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። ፖሊሲው በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ጽሑፍ፣ የመመረቂያ ጥናትና መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ተመራማሪዎችም የመረጃ አያያዝ ዕቅድ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል።

የተከፈተ በር ጠላትንም ያስገባል

ኢንተርኔት በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያደገው ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ ይተማመናሉ በሚል እሳቤ ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም፣ በወቅቱ ከመረቡ ጋር ተገናኝተው ከነበሩት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች አንድ አሥረኛ የሚሆኑትን እንዳወከ ይገመታል። ጉዳቱ የደረሰው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ላይ ነበር። መተማመኑ የትብብር መሠረት እንደሆነ ሁሉ የጥቃትም መግቢያ መሆኑ ያን ጊዜ ታየ።

ዛሬ የሚያሳስበው ዋና ጥቃት ራንሰምዌር ይባላል። ይህ ፕሮግራም ወደ ተቋሙ ኮምፒዩተሮች ሰርጎ በመግባት ፋይሎችን በምስጢር ኮድ ይቆልፋል፤ አጥቂዎቹም ለመክፈቻው ቁልፍ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በኔዘርላንድ የሚገኘው የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ላይ የደረሰው ሁኔታ ትምህርት ሰጪ ነው። በኦክቶበር 2019 የተላከ የማታለያ ኢሜይል በአንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተር ላይ ተከፈተ። አጥቂዎቹ ለሁለት ወር ያህል በዝምታ መረቡን ሲያጠኑ ቆይተው፣ በዲሴምበር መጨረሻ በበዓል ዋዜማ 267 ሰርቨሮችን ቆለፉ። አንዳንዶቹ የመጠባበቂያ ቅጂዎችም ከዋናው መረብ ጋር ተገናኝተው ስለነበር አብረው ተቆለፉ። ዩኒቨርሲቲው 30 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 200,000 ዩሮ የሚጠጋ፣ ለመክፈል ተገደደ። የሚያስመሰግነው ግን የጥቃቱን ዝርዝር ከመሸሸግ ይልቅ የምርመራ ሪፖርቱን በፌብሩዋሪ 2020 በይፋ አውጥቶ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንዲማሩበት ማድረጉ ነው። ክፍትነት ለደህንነትም መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ጥቃቱ ሆስፒታል ላይ ሲደርስ ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይለካም። በሴፕቴምበር 2020 በጀርመን የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 30 ሰርቨሮች ተቆለፉ። የተገኘው የገንዘብ ጥያቄ ደብዳቤ የተጻፈው ግን ለሆስፒታሉ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው ነበር። ፖሊስ የተጎዳው ሆስፒታል መሆኑን ሲያሳውቃቸው አጥቂዎቹ ቁልፉን ያለ ክፍያ ሰጡ። ሆኖም የድንገተኛ ሕክምና ክፍሉ ወደ ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ አምቡላንስ አልተቀበለም። በዚያ ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ እንድትወሰድ የተደረገች አንዲት ሕመምተኛ ሕይወቷ አልፏል። ዐቃቤ ሕግ ባደረገው ምርመራ ሞቷ በመዘግየቱ የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ አልተቻለም። ቢሆንም የዩኒቨርሲቲው ዕጣ በሆስፒታሉ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ለሕክምና ኮሌጆች ሁሉ ግልጽ ሆነ።

በአፍሪካም ቢሆን አደጋው ሩቅ አይደለም። በጁን 2024 የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የጤና ላቦራቶሪ አገልግሎት በተመሳሳይ ጥቃት ተመትቶ፣ የመጠባበቂያ ቅጂዎቹ ጭምር ተደምስሰውበታል። አስቸኳይ የምርመራ ውጤቶች ለሐኪሞች በስልክ ይነገሩ ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ በጁን 2020፣ የታላቁ የኅዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት ወቅት፣ መነሻቸው ግብፅ የሆነ ቡድኖች በመንግሥትና በሌሎች ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ አስታውቋል። ዓባይ ከጣና በሚወጣባት በባሕር ዳር ለሚገኝ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ አፈርና ስለ ጤና መረጃ ለሚሰበስብ ዩኒቨርሲቲ ይህ የሌላ ሰው ወሬ አይደለም።

የመረጃ ደህንነት ሲባል ብዙዎች ምስጢር መጠበቅን ብቻ ያስባሉ። የሙያው ሰዎች ግን ሦስት ነገሮችን ይቆጥራሉ። እነዚህም ያልተፈቀደለት ሰው መረጃውን እንዳያይ፣ ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይለውጠው፣ የተፈቀደለት ሰው ደግሞ በሚፈልገው ጊዜ እንዲያገኘው ማድረግ ናቸው። ለሐኪሙ ሦስቱም የሕይወት ጉዳዮች ናቸው። የኤች.አይ.ቪ. ውጤት መውጣቱ ትዳር ያፈርሳል፤ የደም ዓይነት መዛባቱ ይገድላል፤ የላቦራቶሪ ውጤት አለመገኘቱም ቀዶ ጥገናን ያዘገያል።

ስም መሰረዝ ብቻ በቂ አይደለም

አብዛኛው ተመራማሪ የሕሙማንን ስምና የካርድ ቁጥር ከሰረዘ በኋላ መረጃው ያለ ሥጋት ሊሰራጭ የሚችል ይመስለዋል። ይህ እምነት ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስም ተሰርዞለት ለምርምር ተሰጥቶ ነበር። ላታንያ ስዊኒ የተባሉ፣ በወቅቱ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የነበሩ ተመራማሪ፣ ይህን መረጃ በትንሽ ገንዘብ ከሚሸጥ የመራጮች መዝገብ ጋር በማስተያየት፣ በትውልድ ቀን፣ በጾታና በፖስታ ክልል ቁጥር ብቻ የግዛቱን ገዥ የዊልያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ለይተው አወጡ። በ2000 ባቀረቡት ጥናትም እነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ በግለሰብ ደረጃ ለመለየት እንደሚበቁ ገመቱ።

በጣና ዙሪያ የመራጮች መዝገብ መግዛት አያስፈልግም፤ ጎረቤት ይበቃል። ለአብነት ያህል በአንድ የካላዛር ጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ የሚከተለው መስመር ይገኛል እንበል፦ ጾታ ወንድ፤ ዕድሜ 34፤ ቀበሌ ስሟ የተጠቀሰ አንዲት የገጠር ቀበሌ፤ ሥራ በመኸር ወደ መተማ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ፤ ሆስፒታል የገባበት ቀን፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ውጤት አዎንታዊ። በዚህ ውስጥ ስም የለም። ነገር ግን በዚያች ቀበሌ ማን ከመተማ ታሞ እንደተመለሰ፣ ማን በዚያ ሳምንት በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል እንደተወሰደ የማያውቅ የለም። ለጎረቤቱ አዲስ የሚሆንበት የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው፤ ያም ሰውየው ከሁሉ አብልጦ ሊሰውረው የሚፈልገው ነው። ለካላዛር ሕሙማን የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ማድረግ የሕክምናው አካል ስለሆነ ይህን መሰል መስመር በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ መገኘቱ የማይቀር ነው። እንደ ደቅ ደሴት ወይም እንደ ዘጌ ባሉ፣ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ በሚተዋወቅባቸው ቦታዎች ደግሞ ዕድሜና ጾታ ብቻ እንኳ ሊበቁ ይችላሉ።

መፍትሔው ዝርዝሩን ማደብዘዝ ነው። 34 ዓመት የሚለው ከ30 እስከ 39 ይባላል፤ ቀበሌው በወረዳ ይተካል፤ የመግቢያው ቀን ሩብ ዓመት ይሆናል፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ከአምስት ሰው በታች የያዘ ክፍል ከጎኑ ካለው ጋር ይጣመራል ወይም ይሸፈናል። መርሑም በሠንጠረዡ ያለ እያንዳንዱ ሰው ከእርሱ ጋር የሚመሳሰሉ ሌሎች ሰዎች እንዲኖሩት ማድረግ ነው።

ሆኖም ማደብዘዝ ዋጋ ያስከፍላል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሕሙማኑ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ጎጥ፣ ከግራር ዛፍ ምን ያህል ርቀው እንደሚኖሩ ካልታወቀ የአሸዋ ዝንቡ መራቢያ የት እንደሆነ አይታወቅም። መካከለኛውን ርቀት በወረዳ ደረጃ የሚፈልግ ተመራማሪ ምንም አያገኝም። ሳይንሱ የሚፈልገው ሕመምተኛውን የሚያጋልጠውን ያንኑ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ለአንድ መረጃ አንድ በር ብቻ ማበጀት አይበቃም።

ሦስት በሮች

በዓለም አቀፍ የምርምር መመሪያዎች የተለመደው መርሕ መረጃ በተቻለ መጠን ክፍት፣ አስፈላጊ በሆነ መጠን ዝግ ይሁን የሚል ነው። ይህን ወደ ተግባር ለመለወጥ መረጃን በሦስት ደረጃ መክፈል ይጠቅማል።

የመጀመሪያው በር ለሁሉም የተከፈተ ነው። የታተመ ጽሑፍ፣ የመመረቂያ ጥናት፣ መጠይቅ፣ የጥናት ዘዴ፣ የትንተና ፕሮግራም፣ በወረዳ ደረጃ የተጠቃለለ ሠንጠረዥ እዚህ ይገባሉ። እነዚህን ለመደበቅ የሚያበቃ በቂ ምክንያት የለም። በዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማኅደር ቢቀመጡ ደቡብ ጎንደር ያለ የጤና ጣቢያ ኃላፊም፣ ናይሮቢ ያለ ተመራማሪም እኩል ያገኟቸዋል።

ሁለተኛው በር በጥያቄና በውል የሚከፈት ነው። ስማቸው የተሰረዘ፣ ነገር ግን ቀበሌና ቀን ያልደበዘዘባቸው የግለሰብ መረጃዎች እዚህ ይቀመጣሉ። የሚጠይቀው ሰው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚፈልገው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዳለው ይመረመራል። ሕሙማኑን ለመለየት እንደማይሞክር፣ ለሦስተኛ ወገን እንደማያስተላልፍና ሥራው ሲያልቅ እንደሚደመስስ ይፈርማል። ማን መቼ ምን እንደወሰደም ይመዘገባል። ይህ በር የሚሠራው ግን መልስ የሚሰጥ ሰው ሲኖር ነው። ጥያቄ ቀርቦ ለስድስት ወር መልስ የማይሰጥበት በር በወረቀት ላይ ተከፍቶ በተግባር የተቆለፈ ነው።

ሦስተኛው በር የሕክምናው ቡድን ብቻ የሚገባበት ነው። ስምን ከጥናት መለያ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር፣ የሕሙማን ካርድ፣ ማንነትን የሚያሳይ ፎቶግራፍ እዚህ ይቆያሉ። የመለያ ቁጥሩ ዝርዝር ከጥናቱ መረጃ ጋር በአንድ ኮምፒዩተር መቀመጥ የለበትም፤ ቁልፍን ከቁልፉ ሳጥን ጋር አንድ ላይ እንደማስቀመጥ ነውና።

የትኛው መረጃ በየትኛው በር እንደሚገባ መወሰን ያለበት ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በመረጃ አያያዝ ዕቅዱ ውስጥ ነው። የሕመምተኛው የስምምነት ቅጽም ይህንኑ በሚገባው ቋንቋ ሊነግረው ይገባል። «መረጃዎ በምስጢር ይጠበቃል» ብሎ አስፈርሞ ከሁለት ዓመት በኋላ መረጃውን ለዓለም መልቀቅ ቃልን ማጠፍ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ በኢንተርኔት የተለቀቀ መረጃ ተመልሶ አይሰበሰብም። ሕጉም ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው የግል መረጃዎች መካከል ያስቀምጠዋል።

የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ

የተሻለው ፖሊሲ እንኳ በዕለታዊ ልማድ ይፈርሳል። ለሕክምና ኮሌጆች ትኩረት የሚሹት ጥቂት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

መረቦችን መለየት። ተማሪዎች ፊልም የሚያወርዱበት፣ እንግዶች የሚገናኙበት የግቢ መረብና የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ፣ የራጅና የካርድ ክፍል ኮምፒዩተሮች በአንድ መረብ ላይ መሆን የለባቸውም። የዱሰልዶርፍ ትምህርት ይኸው ነው። ግቢው ክፍት ሊሆን የሚችለው ሆስፒታሉ በራሱ አጥር ውስጥ ሲጠበቅ ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ። የጣና ገዳማት ለብዙ መቶ ዓመታት የብራና መጻሕፍትን ጠብቀው አቆይተዋል። በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ምሁር በክብራን፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በሌሎች ደሴቶች የሚገኙ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ሲያነሱ፣ ዋናዎቹ በየገዳማቸው ቀሩ፤ ቅጂዎቹና ዝርዝር መግለጫቸው ግን ለዓለም ምሁራን ተዳረሱ። አንድ ደሴት ላይ እሳት ቢነሳ የሌላ አገሩ ቅጂ አይቃጠልም። የኮምፒዩተር መረጃም እንዲሁ ነው። ቢያንስ አንድ ቅጂ ከመረቡ ተነቅሎ በሌላ ሕንፃ መቀመጥ አለበት። ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑም በየጊዜው ተከፍቶ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ሳይሞከር የቆየ ቅጂ እንደ ሌለ ይቆጠራልና።

የይለፍ ቃል። የሂናሪ የይለፍ ቃል በአንድ ተቋም ስም ይሰጥ ስለነበር ለሁሉም መንገር የተለመደ ሆነ። ያ ልማድ መጽሔት ለማንበብ ብዙም ጉዳት ላያደርስ ይችላል። ወደ ሕሙማን መዝገብ ሲሸጋገር ግን ማን ምን እንዳየና ምን እንደለወጠ ማወቅ አይቻልም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ሊኖረው፣ ከተቋሙ ሲለቅም በዚያው ቀን ሊዘጋ ይገባል። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚላክ ወይም የሚፈጠር ማረጋገጫ ቁጥር መጠቀም በማታለያ ኢሜይል የተሰረቀ የይለፍ ቃል ብቻውን ለመግባት እንዳይበቃ ያደርጋል።

ስልክና ቴሌግራም። የራጅ ፊልም፣ የቁስል ፎቶግራፍ ወይም የላቦራቶሪ ወረቀት አንስቶ ለከፍተኛ ሐኪም ምክር መላክ በሀገራችን ሕይወት አድን ልማድ ሆኗል፤ ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪሙ ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ መከልከል ዋጋ የለውም፤ ማስተካከል ግን ይቻላል። ስም፣ የካርድ ቁጥርና ፊት ሳይታዩ ማንሳት፣ ለሚመለከተው አንድ ሐኪም እንጂ በመቶ የሚቆጠሩ አባላት ላሉት ቡድን አለመላክ፣ ምክሩ እንደተገኘ ማጥፋት፣ ስልኩንም በቁልፍ መጠበቅ በቂ መነሻ ነው።

ፍላሽ ዲስክ። የጥናት መረጃ በኪስ ይዞ ከኢንተርኔት ካፌ ወደ ሆስፒታል ማመላለስ ቫይረስን ወደ ውስጥ፣ ምስጢርን ወደ ውጭ ያጓጉዛል። የግድ ከሆነ ፍላሹ በምስጢር ኮድ የተቆለፈ ይሁን።

ከልክ ያለፈ መዝጋትም ጉዳት ነው

ደህንነት የሚለው ቃል ሁሉን ለመከልከል ምክንያት ሲሆን ጥበቃው ራሱ ጥቃት ይሆናል። የተቋሙ ኢሜይል አስቸጋሪ ሲሆን መምህሩ ወደ ግል ኢሜይሉ ይሸሻል፤ የሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ተመራማሪውን ሲከለክለው መረጃውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ከመጠን በላይ የጠበቀ አጥር ሰዎችን ቀዳዳ እንዲፈልጉ ያስገድዳል፤ ቀዳዳውን ግን የሚጠብቀው የለም። ዘበኛው ቤቱን መጠበቅ ትቶ ባለቤቱን ከደጅ ካቆመ ሥራውን አልሠራም።

መረጃ በሚያስፈልግበት ጊዜ አለመገኘቱ ምን ማለት እንደሆነ ለአማራ ክልል ሐኪሞች ማስረዳት አያሻም። በኦገስት 2023 በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከሥራ ባልደረባ ምክር መጠየቅም፣ የወረርሽኝ ሪፖርት መላክም፣ አዲስ የሕክምና መመሪያ ማንበብም ከባድ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ጊዜ ለማለፍ አስፈላጊ መመሪያዎችና መጻሕፍት በየሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ተቀድተው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበቡ ሆነው መቀመጣቸው የደህንነት ሥራ አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

የደህንነት ጉድለትን የሚጠቁም ሰውም ጥበቃ ያስፈልገዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ ወይም ነርስ የሕሙማን ዝርዝር ለማንም ሲታይ በአጋጣሚ አግኝቶ ቢናገር ተቋሙ አመስግኖ የሚቀበልበት የታወቀ መንገድ ከሌለ፣ ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ማለፍን ይመርጣል። ማስትሪክት ውድቀቱን በይፋ በመናገሩ አልተዋረደም፤ ብዙዎችን አስተማረ።

ማጠቃለያ

ሕመምተኛው ካርዱ ላይ ስለተጻፈው ነገር ሁለት ነገር ይፈልጋል። ከእርሱ ሕመም የተገኘው ትምህርት ሌላውን እንዲያድን፣ ስሙ ግን ከጎረቤት አፍ እንዳይገባ። ሁለቱም ፍላጎቶች ተገቢ ናቸው፤ ሁለቱንም ማሟላት የሚቻል ነው። የመጀመሪያው ሲጓደል የሊቦ ከምከም ዓይነት ወረርሽኝ በሚቀጥለው ወረዳ ሳይታወቅ ይቆያል። ሁለተኛው ሲጓደል ደግሞ ሕመምተኛው እውነቱን መናገር፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል መምጣት ያቆማል፤ ያን ጊዜ የሚካፈል መረጃም አይኖርም።

ስለዚህ የሕክምና ኮሌጆች እያንዳንዱን ጥናት ከመጀመሪያው በሦስቱ በሮች እንዲመድቡ፣ ለሁለተኛው በር በስም የታወቀና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ኃላፊ እንዲሾሙ፣ የሆስፒታሉን መረብ ከግቢው እንዲለዩ፣ ከመረብ የተነቀለ ቅጂ እንዲይዙ፣ የመረጃ አያያዝንም ከሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት ጋር አያይዘው ለተማሪዎች እንዲያስተምሩ ያስፈልጋል። የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅ ከሂፖክራተስ መሐላ ጀምሮ የሐኪም ግዴታ ሆኖ ኖሯል። ካርዱ ወደ ኮምፒዩተር ስለገባ ግዴታው ወደ ኮምፒዩተር ባለሙያው አልተላለፈም። ከባለሙያው ጋር ተባብሮ መሥራት ቢያስፈልግም፣ በሕመምተኛው ፊት ተጠያቂው ሐኪሙ ነው።